ስለ ውርጭና ስለ ቤት እሳት

በብዙ አገር ሰው ብርድን የሚፈራው ክረምት ሲገባ ነው። በኢትዮጵያ ደጋ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። በክረምት ዝናቡ ቢበረታ ጭቃውም ቢበዛ፥ ደመናው በሰማይ ላይ እንደ ብርድ ልብስ ተዘርግቶ ስለሚያድር ሌሊቱ ያን ያህል አይከፋም። ክፉው ብርድ የሚመጣው ዝናቡ ካቆመ፥ ሰማዩም ከጠራ በኋላ፥ ከጥቅምት ጀምሮ እስከ ጥር ድረስ ነው። ስለዚህም ሰው «በጥቅምት አንድ አጥንት» ይላል፤ ይኸውም ብርዱ ሲጀምር ሰውነት ሥጋና ቅባት ይፈልጋል ማለት ነው። በእነዚያ ወራት ቀን ፀሐይ ራስን ትመታለች፤ ወደ ጥላ የገባ ሰው ግን ይንቀጠቀጣል። ማታ በደጅ የተረሳ ውሃ በማለዳ ሲታይ ፊቱ እንደ መስተዋት ረግቶ ይገኛል።

ይህ የሚሆንበት ምክንያት አለው። ምድር ቀን ከፀሐይ የተቀበለችውን ሙቀት ሌሊት ወደ ላይ ትለቃለች። ደመና ያለ እንደ ሆነ ሙቀቱን ተቀብሎ ከፊሉን ወደ ምድር ይመልሰዋል፤ ሰማዩ ጥርት ያለ እንደ ሆነ ግን የሚመልሰው የለምና ሙቀቱ ሄዶ ይቀራል። ነፋስም ከሌለ ቀዝቃዛው አየር ከባድ ስለ ሆነ እንደ ውሃ ወደ ረባዳው ይወርዳል፥ በዚያም ይተኛል። ገበሬ ባቄላውን በረባዳ መሬት ሲዘራ የሚሠጋው ስለዚህ ነው፤ በአንድ ሌሊት የረባዳው ባቄላ ጠቁሮ፥ የጉብታው ደኅና ሆኖ ይገኛልና። ሙቀቱ ከዜሮ በታች ሲወርድ፥ በሣር ላይ ጤዛ ሊሆን የነበረው እርጥበት ነጭ ሆኖ ይጋገራል፤ ይህም ውርጭ ይባላል።

የአገር ከፍታም ብርድን ያበዛል። ሰው 1,000 ሜትር ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ሙቀቱ በ6 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ከእርስዋም አልፎ በመንዝ ከ3,000 ሜትር በላይ የተሠራ መንደር ይገኛል።

የመንዝ ሰው ከዚህ ብርድ ጋር ብዙ ዘመን ስለ ኖረ ብልሃቱን ያውቃል። ቤቱን በድንጋይ ይሠራል፤ ክዳኑንም ጓሳ በሚባል ሣር ያለብሰዋል። ይህ ሣር የሚበቅልበት ሰፊ መስክ ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ በሕዝቡ ሥርዓት ሲጠበቅ የኖረ ነው፤ ለዓመታት ተከልክሎ ይቆይና ሣሩ ሲጎለምስ በተፈቀደው ጊዜ ብቻ ይታጨድ ነበር። የመንዝ በግ ደግሞ ጠጕሩ ረጅም ነው። ሴቶች ጠጕሩን ይፈትላሉ፥ ወንዶችም ይሸምኑታል፤ ባናና በርኖስ ይሆናል። እረኛ ደበሎ ለብሶ ይውላል። በብዙ ቤትም ሌሊት ከብቱ ከታች በጋጣ ይታሰራል፥ ሰው ከላይ በቆጥ ላይ ይተኛል፤ ከላምና ከበሬ የሚወጣው ሙቀት ወደ ላይ ይነሣልና። ሽታው ላልለመደ እንግዳ ይከብደዋል፤ ነገር ግን ውርጭ በሚወርድበት ሌሊት ስለ ሽታ የሚያማርር እንግዳ የለም።

ባና ግን እሳት አይደለም፤ ከራሱ የሆነ ሙቀት የለውም። ሥራው ሰውነት ያሞቀውን አየር በጠጕሩ መካከል ይዞ ማቆየት ነው። ይህን ሊያውቅ የሚወድ ልጅ ሁለት ጣሳ ሙቅ ውሃ ይቅዳ፤ አንዱን በባና ይጠቅልል፥ ሁለተኛውን እንዲሁ ይተወው። ጥቂት ቆይቶ ሁለቱን ቢነካ ልዩነቱን እጁ ይነግረዋል። በእርጥብ ልብስ ውስጥ የአየሩን ስፍራ ውሃ ስለሚይዘው ሙቀቱ ቶሎ ያመልጣል፤ ስለዚህ በብርድ ቀን እርጥብ ሆኖ ከሚለበስ መልካም ልብስ ደረቅ የሆነ አሮጌ ጨርቅ ይሻላል። ሁለት ሦስት ቀጭን ልብስ ደርቦ የለበሰም አንድ ወፍራም ከለበሰው ይልቅ ይሞቀዋል፤ በልብሶቹ መካከል ያለው አየር እርሱም እንደ ልብስ ይቈጠራልና።

ከብልሃቱ ሁሉ አስቸጋሪው የእሳት ነገር ነው። በከፍተኛው ደጋ ዛፍ ጥቂት ስለ ሆነ የሚነደው አብዛኛውን ጊዜ ኩበት ነው። የኩበት ጭስ ብዙ ነው፤ ዐይን ያስለቅሳል፥ ደረት ያፍናል፤ ዘወትር በጭስ ውስጥ የሚውሉ እናቶችና ሕፃናትም በሳል ይታመማሉ። ጭሱ በሣሩ ክዳን መካከል እየሾለከ ስለሚወጣ፥ ማለዳ ከሩቅ ለሚመለከተው ቤቱ ሁሉ የሚነድ ይመስላል። ማታ እናት ፍሙን በአመድ ትዳፍነዋለች፤ ሲነጋም አመዱን ገልጣ እፍ ትለዋለች።

በዚህ አገር በአንድ መንደር አንድ ገበሬ ነበረ። ሚስቱና የ10 ዓመት ወንድ ልጁ፥ ገና ጡት የምትጠባ ሴት ልጁም አብረውት ይኖሩ ነበር። ይህ ሰው ታታሪ ነበረና፥ ከአባቱ የወረሰው የሣር ቤት ስላረጀ በአጠገቡ ቆርቆሮ የለበሰ ቤት ሠራ። ግድግዳውን ሁለት ጊዜ በጭቃ መረገው፤ ከጣራው በታች ኮርኒስ ወጠረ፤ መስኮቱንም በጥሩ ሳንቃ ገጠመው። ነፋስ የማይገባበት ቤት ሆነ። አሮጊት እናቱ ግን «የለመድሁትን ምድጃ አልተውም» ብለው ከበጎቹ ጋር በአሮጌው ቤት ቀሩ።

በታኅሣሥ ወር ውርጭ በተከታታይ ወረደ። በሦስተኛው ቀን ገበሬው ሁለት ሙክት ነድቶ ወደ ገበያ ሄደ፤ በጎቹንም ሸጦ አንድ ጆንያ ከሰልና አንድ የብረት ማንደጃ ገዝቶ ተመለሰ። ሚስቱንም ጠርቶ፥ «ከእንግዲህ በጭስ አታለቅሺም። ይህ ጭስ የሌለው እሳት ነው» አላት። እርስዋም እጅግ ደስ አላት፤ ዐይኗ በጭስ ታምሞ ነበርና።

ሲመሽም ወደ አሮጌው ቤት ሄዶ፥ «እምዬ፥ ዛሬ እዚህ ቢያድሩ ብርዱ ይጎዳዎታል፤ ከእኛ ጋር ይደሩ» ብሎ እናቱን ለመናቸው። እርሳቸውም በዚያ ዕለት የተወለደ አንድ ግልገል በጋቢያቸው ታቅፈው መጡ፤ ግልገሉንም ከማንደጃው አጠገብ በጆንያ ላይ አስተኙት። ልጁ በበኩሉ ሊረዳ ወዶ በበሩ ሥር ያለውን ክፍተትና የመስኮቱን ስንጥቅ በአሮጌ ጨርቅና በገለባ ጠቀጠቀው። አባቱ ኩራዙን ወደ በሩ አስጠግቶ ነበልባሉ ከቶ እንደማይወዛወዝ ባየ ጊዜ፥ «ጎሽ፥ የኔ ልጅ!» ብሎ አመሰገነው።

አያቲቱ ግን ዝም ብለው ማንደጃውን ይመለከቱ ነበር። በመጨረሻ፥ «ልጄ፥ ይህ ፍም ከዚሁ ሊያድር ነው?» አሉት።

«አዎን፥ እምዬ።»

«እናቴ፥ ከሰል በተዘጋ ቤት አያድርም ትል ነበር።»

«ለምን?» አላቸው።

«ምክንያቱን አልነገረችኝም» አሉ።

ልጃቸውም ሳቀና፥ «እምዬ፥ ቀዳዳውን ብንከፍት ብርዱ የሚገባው በእርሱ አይደለምን?» አላቸው። ሰውዬው ተላላ አልነበረም፤ ምክንያቱ የጠፋ ምክር ግን እንደ ተራ ወሬ ይቈጠራል። እርሳቸውም ቤቱ የልጃቸው ስለ ሆነ መልሰው አልተናገሩም፤ ብቻ መኝታቸውን ከበሩ አጠገብ በመደቡ ጫፍ ላይ አደረጉ። ምራታቸው፥ «እማማ፥ እዚያ ይበርድዎታል፤ ወደ እሳቱ ይቅረቡ» ብትላቸውም፥ «ለጸሎት ስነሣ እንዳልረብሻችሁ ነው» አሏት።

እሳቱ መልካም ነበረ። ቤቱ ሞቀ፤ ሕፃኒቱም ከሙቀቱ የተነሣ እግሮቿን ከባናው ውስጥ አወጣች። ሁሉም ተኙ። እኩለ ሌሊት ሲሆን ልጁ ነቅቶ፥ «ራሴን አመመኝ» አለ። እናቱም፥ «እኔንም ራሴን ይፈልጠኛል፥ ሆዴንም ያቅለሸልሸኛል፤ ምች መትቶን ይሆናል» አለች። አባቱም በእንቅልፍ ልቡ፥ «የኔም ራስ ከብዶኛል፤ ነገ ዳማከሴ ትጨምቂልናለሽ» ብሎ ዞሮ ተኛ። በአገራችን ምክንያቱ ያልታወቀ ሕመም ሁሉ ምች መባሉ የተለመደ ነው፤ ሦስት ሰዎች በአንድ ቤት፥ በአንድ ሰዓት፥ በአንድ ዓይነት ሕመም መታመማቸውን ግን ማንም ልብ አላለውም። ግልገሉም መጮሁን ትቶ ነበር። እንቅልፍ የወሰደው መሰላቸው።

የመጀመሪያው ዶሮ ሲጮህ አያቲቱ እንደ ልማዳቸው ሊነሡ ፈለጉ፤ ጉልበታቸው ግን አልታዘዘላቸውም። ጆሯቸው ይጮህ ነበር፥ ቤቱም ይዞርባቸው ነበር። ልጃቸውን በስሙ ጠሩት፤ አልመለሰላቸውም። የልጅ ልጃቸውን ጠሩት፤ እርሱም ዝም አለ። በዚያ ሰዓት ሁልጊዜ ለጡት የምታለቅሰው ሕፃን እንኳ ድምፅዋ አልተሰማም። ይህን ጊዜ የእናታቸው ቃል ትዝ አላቸው። መቆም ቢያቅታቸው በደረታቸው እየተሳቡ ከበሩ ደረሱ፤ ጨርቁን ነቅለው ጣሉ፥ መወርወሪያውንም በሁለት እጃቸው ገፉት። በሩ ሲከፈት ከደጃፉ በውርጩ ላይ ወደቁ። ማታ ሲሸሹት የነበረው ብርድም በሩን ሞልቶ ወደ ቤቱ ገባ።

አያቲቱ በወደቁበት ሆነው «ኡኡ!» እያሉ ጮኹ። የጎረቤት ሰዎች ችቦ ይዘው እየሮጡ መጡ። «ፍሙን አውጡ! ልጆቹን አውጡ!» አሏቸው። ሕፃኒቱን በመጀመሪያ፥ ልጁን ቀጥሎ፥ ከዚያም እናቲቱን አወጡ፤ ገበሬው ግዙፍ ሰው ስለ ነበረ ሦስት ሆነው በቁርበት ላይ ጎትተው አወጡት። አንዱ ጎረቤት፥ «በዚህ ውርጭ ላይ ታስተኟቸዋላችሁን? ወደ ቤት መልሷቸው!» ብሎ ተቈጣ። ሌላው አረቄ ይዞ መጥቶ ሊያጠጣቸው ፈለገ። አያቲቱ ሁለቱንም ከለከሉ። የታመሙትን በባና ጠቅልለው ፊታቸውን ብቻ ወደ ነፋሱ ገልጠው በደጅ አኖሯቸው።

ሕፃኒቱ አለቀሰች። ያን ለቅሶ በሰሙ ጊዜ ሴቶቹ እልል አሉ። ልጁም አስታወከና ዐይኑን ገለጠ፤ ቆይቶም እናቱ ነቃች። ገበሬው ግን ሰማዩ እስኪቀላ ድረስ አልነቃም፤ ሲነቃም የት እንዳለ አላወቀም ነበር። ግልገሉ ሞቶ ተገኘ። ቁስል የለበትም፥ ብርድም አልነካውም፤ እንዳስተኙት ሆኖ ከማንደጃው አጠገብ ነበር።

በነጋ ጊዜ በቀበሌው ጤና ኬላ የምትሠራው የጤና ባለሙያ መጣች። ቢነቁም እንኳ ራሱን የሳተ ሰው ሳይመረመር መቅረት እንደማይገባው ነግራ፥ ሁሉንም ወደ ሐኪም ቤት እንዲወሰዱ አደረገች፤ በዚያም በአፍንጫና በአፍ ላይ በሚደረግ መሣሪያ ንጹሕ ኦክሲጅን እንዲተነፍሱ ተደረገ። ከዚያ ሲመለሱም ባለሙያዋ ወደ ቤታቸው መጥታ የሆነውን ነገር አስረዳቻቸው።

ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዘኛ አየር ይወጣዋል፤ ቤቱ በተዘጋ መጠንም እየተጠራቀመ ይበዛል። ይህ አየር ቀለም የለውም፥ ሽታ የለውም፥ ዐይን አያስለቅስም። ሰው የሚተነፍሰው ኦክሲጅን በደም ላይ ተጭኖ ወደ ሰውነት ሁሉ ይደርሳል። መርዙ ግን ከኦክሲጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ በሚበልጥ ኀይል ደምን ስለሚይዝ የኦክሲጅንን ስፍራ ይቀማል፤ ስለዚህ ጥቂቱ ብዙ ይጎዳል። መጀመሪያ ራስ ያምማል፥ ያዞራል፥ ያቅለሸልሻል፤ ቀጥሎ ጉልበት ይከዳል፥ እንቅልፍም ይጫናል። የተኛ ሰው ሳይነቃ ይሞታል። ሕፃናት፥ ነፍሰ ጡሮችና ሽማግሎች ከሌላው ይልቅ ይጎዳሉ። በአንድ ቤት ያሉ ሰዎች በአንድነት ራሳቸውን ቢያማቸው፥ ወደ ደጅ ሲወጡም ቢሻላቸው፥ ነገሩ ምች አይደለም።

ገበሬው፥ «ጭስ እኮ አልነበረውም» አለ።

ባለሙያዋም፥ «ክፋቱ ይህ ነው» አለችው። «ኩበት ሲጨስ ዐይንዎ ያነባል፥ ይስላሉ፥ ተነሥተውም በሩን ይከፍታሉ። የኩበት እሳትም ይህ መርዝ አለበት፤ ነገር ግን ጭሱ ይናገራል። ከሰል ዝም ይላል።»

ይህን ሲሰማ ልጁ ማልቀስ ጀመረ። «ቀዳዳውን የደፈንሁት እኔ ነኝ፤ ግልገሉንም የገደልሁት እኔ ነኝ» አለ። ባለሙያዋ ወደ እርሱ ቀርባ፥ ነፋስን መከልከል ጥፋት እንዳልሆነ፥ እሳት የማያድርበት ቤት በሌሊት ቀዳዳው ቢደፈን የሚጎዳ እንደሌለ ነገረችው። ጥፋቱ ሁለቱን በአንድነት ማድረግ ነው፤ እሳት ካለ ቀዳዳ፥ ቀዳዳ ከሌለም እሳት መቅረት አለበት። አባቱም፥ «አይዞህ፥ ያመሰገንሁህ እኔ ነኝ» አለው።

እንዲህ ያለው አደጋ በደጋ ገበሬ ላይ ብቻ የሚደርስ አይደለም። በአሜሪካ ቴክሳስ የሚባል ሞቃት አገር አለ፤ ብዙ ኢትዮጵያውያንም ይኖሩበታል። በ2013 ዓ.ም. በየካቲት ወር (በአውሮፓ አቈጣጠር በ2021) በዚያ አገር ያልተለመደ ብርድ ወረደ፤ ዳላስ በምትባለው ከተማ ከዜሮ በታች እስከ 19 ዲግሪ ያህል ደረሰ። ቤቱ የተሠራው ለሙቀት እንጂ ለብርድ አልነበረም። ከ4 ሚሊዮን በላይ በሚሆን ቤትና የሥራ ቦታ መብራት ጠፋ፤ የውሃ ቧንቧም ረግቶ ፈነዳ። ሰዎች ልጆቻቸውን ለማሞቅ ሲጨነቁ አንዳንዶቹ በደጅ ሥጋ የሚጠበስበትን የከሰል ምድጃ ወደ ቤት አስገቡ፤ ሌሎቹም ከቤቱ ጋር በተያያዘ ጋራዥ ውስጥ የመኪና ሞተር አስነሥተው በእርሱ ሊሞቁ ሞከሩ፤ ከሞተርም ያው መርዝ ይወጣል። የአገሩ መንግሥት በዚያ ብርድ ምክንያት የሞቱትን 246 ሰዎች ብሎ ቈጠረ። አብዛኞቹን የገደላቸው ብርዱ ራሱ ነው፤ ከቀሩት መካከል ግን በዚህ መርዝ የሞቱ ነበሩ። ቤታቸው ያማረ፥ ሐኪሞቻቸውም ብዙ ነበሩ፤ መርዙ ግን ይህን አይጠይቅም።

ወደ መንዙ ቤት እንመለስ ቢባል፥ ውርጩ በዚያ ሌሊት አላበቃም። ቤተ ሰቡም ከዚያ በኋላ ለብዙ ሌሊት ያለ ከሰል መሞቅ ነበረበት። ገበሬው መሮና መዶሻ ይዞ ከበሩ በላይና ከጣራው ሥር አንዳንድ ስንዝር የሚያህል ቀዳዳ አወጣ። ማንደጃው ማታ በደጅ ተቀጣጥሎ፥ እራት እስኪበስል ድረስ ብቻ በሩ ተከፍቶ በቤት ይቀመጣል፤ ከመኝታ በፊት ይወጣል። በመደቡ ላይ ገለባ በወፍራሙ ተጐዝጕዞ ቁርበት ተነጠፈበት፤ የተኛ ሰው ሙቀቱን ወደ መሬት ስለሚያጣ፥ ከላይ ሁለት ባና ደርቦ ከታች ባዶ መሬት ላይ የሚተኛ ሰው ይበርደዋልና። ልጁ ከአባቱ ጋር፥ ሕፃኒቱም በእናቷ ደረት ላይ ከባናው በታች ተኙ፤ ፊቷ ግን እንዳይታፈን ይገለጥ ነበር። የገብስ ገንፎ በቅቤ እየተበላ ይታደራል፤ የጠገበ ሆድ ሌሊቱን ሁሉ ሙቀት ይሠራልና። ሙቅ ውሃ በጠርሙስ ሞልቶ፥ አፉን አጥብቆ፥ በጨርቅ ጠቅልሎ በእግር በኩል ማኖርንም ባለሙያዋ አስተማረቻቸው። አያቲቱ ይህን እጅግ ወደዱት።

ስለ አረቄውም ጎረቤቶቹ ጠይቀዋት ነበር። አረቄ የጠጣ ሰው ፊቱ ይቀላል፥ ሙቀትም ይሰማዋል፤ ይህ ግን ከውስጥ ያለው ሙቅ ደም ወደ ቆዳ ስለሚወጣ ነው። ወደ ቆዳ የወጣው ሙቀትም በብርዱ ይወሰዳል። ስለዚህ የጠጣው ሰው ሞቆኛል እያለ ሰውነቱ ይቀዘቅዛል። ይህ ነገር ለአንዳንዶቹ ጎረቤቶች ደስ አላላቸውም፤ ያም ሆኖ እውነት ነው።

ከጥቂት ቀን በኋላ አንድ የጎረቤት እረኛ ከመስክ ሲመለስ ጣቶቹ ነጥተውና ደንዝዘው ነበር። ልጁ ሮጦ ማንደጃውን ሊያቀርብለት ሲል አያቲቱ ከለከሉት። የደነዘዘ ጣት ትኩሳት አይሰማውም፤ ስለዚህ እየተቃጠለ ሳያውቅ ይቆያል። ማሸትም ቆዳውን ይጎዳል። አያቲቱ እርጥቡን ልብሱን አስወልቀው ባና አለበሱት፥ እጆቹንም በብብቱ ሥር አስገብቶ እንዲቀመጥ አዘዙት፤ ለብ ያለ አጥሚትም አጠጡት። እረኛው ይንቀጠቀጥ ነበር። ባለሙያዋ የነገረቻቸውን ያስታወሰው ልጅ፥ «ማንቀጥቀጡ ደግ ነው፤ ጡንቻው ሙቀት እየሠራ ነው» አለ። የሚያስፈራው በብርድ ውስጥ የቆየ ሰው መንቀጥቀጡን ትቶ አንደበቱ ሲተሳሰር፥ ሲደናቀፍና ተዉኝ ልተኛ ሲል ነው፤ እንዲህ ያለው ሰው በቶሎ ወደ ሐኪም መድረስ አለበት። እረኛው ግን አጥሚቱን ጨርሶ ሁለተኛ ጣሳ ለመነ፤ ቆይቶም ጣቶቹ እየጠዘጠዙት ቀሉ።

አያቲቱ ከዚያ ወዲህ በልጃቸው ቤት አደሩ። ያን ሌሊት ስለ ተናገሩት ቃል አንድ ጊዜ እንኳ አላነሡም። አንድ ቀን ግን ልጃቸው ራሱ፥ «እምዬ፥ አያቴ ሌላስ ምን ትል ነበር?» ብሎ ጠየቃቸው፤ እርሳቸውም ፈገግ ብለው እስኪመሽ ድረስ ነገሩት። እርሱም በየነገሩ ምክንያቱን ይጠይቅ ነበር። አያቲቱ የማያውቁትን፥ «ባለሙያዋን እንጠይቃታለን» ይሉታል።

ማታ ማታ ማንደጃውን የሚያወጣው ልጁ ሆነ። ሌላ ሰው እንዲያወጣው አይፈቅድም ነበር። በሁለት ጨርቅ ጆሮውን ይዞ፥ ከአሮጌው የሣር ቤት አርቆ በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ያኖረዋል፤ ተመልሶም ከበሩ በላይ ያለችውን ቀዳዳ በእጁ ይዳስሳል። ማለዳ ሲወጣ ፍሙ ጠፍቶ በማንደጃው ከንፈር ላይ ውርጭ ጋግሮ ያገኘው ነበር።